ባሮ ዳር የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

ከደጋ ተመድቤ ጋምቤላ የገባሁት የአማርኛ መምህር ሆኜ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ወንዝ የለውም። በጋ ሲገባ የምትደርቅ አንዲት ምንጭ ነበረችን፤ እናቴ ለአንድ እንስራ ውኃ ግማሽ ቀን ወረፋ ትይዝ ነበር። ስለዚህ ባሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ከድልድዩ ላይ ሆኜ ሳየው ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ብዙ ቆምኩ። ያ ሁሉ ውኃ የሚያስቆመው ሳያገኝ ዝም ብሎ ሲሄድ ብክነት መሰለኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ነገሩ ሲመጣ በየትኛው ወገን ቆሜ እንደነበር እንዳልደብቅ ብዬ ነው። እኔ የግድብ ወዳጅ ነበርኩ።

ቤት የተከራየሁት ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ የሄዱባቸው አኙዋ እናት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጤና ጣቢያ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እሑድ እሑድ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ በቋንቋቸው የተጻፈውን መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው ይዘው ወደ ቸርቻቸው ይሄዳሉ። ያ መጽሐፍ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ እሱን ያለ ችግር ያነቡታል። የእኔን ፊደል ግን አያውቁም። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል።

አማርኛቸው ከጤና ጣቢያው ኮሪደር የተለቀመ ነው። አንቱታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ለእኔም፣ ለሐኪሙም፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርም «አንተ» ነው። ሴትም ሆነ ወንድ በእሳቸው አፍ ሲገባ ወንድ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን «እህቴ ከአቦቦ መጣ» አሉኝ። የሙያ አመሌ ተነሳብኝና «እማማ፣ እህቴ መጣች ነው የሚባለው» አልኳቸው።

«ገባህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ገባኝ።»

«እንግዲህ ሌላ ምን ፈለግህ?»

ከዚያ ወዲህ አርሜያቸው አላውቅም።

ሙቀቱ መጀመሪያ ሰሞን ሊገድለኝ ነበር። ምግብ አስጠላኝ፣ ከሳሁ። እማማ ይህን አይተው ዓሣ ማምጣት ጀመሩ። ረቡዕና ዓርብ ስጾም የሳህኑን ክዳን ከፍቼ መልሼ ስገፋው ደጃፌ ላይ ቆመው ያዩኛል። «ዓሣ ሥጋ አይደለም» ይላሉ። እኔ ደግሞ በአገሬ ዓሣም እንደማይበላ፣ አንዳንዱ ግን እንደሚበላ፣ ነገሩ እንደሚያከራክር ለማስረዳት እሞክራለሁ። «አንተ ክርክሩን ስትጨርስ ትሞታለህ» ብለው ሳህኑን ትተውልኝ ይሄዳሉ። አንድ ዓርብ በላሁት። እናቴ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር አላውቅም፤ እማማ ግን የሳህኑን ባዶነት አይተው ምንም አላሉኝም። ዝም በማለታቸው የበለጠ ወደድኳቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ዋና ሥራቸው እርሻ ነው። እርሻቸው ባሮ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በክረምቱ መጨረሻ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ይውጠዋል። ጥቅምት ላይ ሲመለስ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ለስላሳ አፈር ትቶ ይሄዳል። እማማ ያን ጊዜ ሹል እንጨት ይዘው ይወርዳሉ። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። በሬ የለ፣ ማረሻ የለ። በእንጨቱ አፈሩን ይወጋሉ፣ በቆሎ ይጥላሉ፣ በእግራቸው ይደፍናሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ።

«እማማ፣ ሳይታረስ ይበቅላል?» አልኳቸው።

«ታርሷል። ውኃው አርሶታል።»

ዝናብ ባልጠበቁበት በጥር ወር በቆሎው ከራሳቸው በላይ ቆሞ ነበር። አገሬ ላይ አባቴ ከድንጋይ ጋር እየታገለ የሚያወጣውን ሳስብ ቅናት ነገር ተሰማኝ።

የግድቡ ወሬ የመጣው እኔ ከተማውን በለመድኩበት ዓመት ነው። ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ከደጋው በሚወርድበት ሸለቆ፣ ትልቅ ግድብ ሊሠራ እየተጠና ነው ተባለ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ክፍሌ ምድጃ ስለሚሆን እኔ ደስ አለኝ። ቤት እንደገባሁ ለእማማ አበሰርኳቸው። መብራት እንደማይጠፋ፣ ፋብሪካ እንደሚመጣ፣ ጎርፍ እንደሚቀር ነገርኳቸው።

በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። እጃቸውን አላቆሙም።

«ጎርፍ ይቀራል?» አሉ።

«አዎ። ከእንግዲህ ከተማውን አይነካም።»

«የእኔን እርሻስ?»

«እሱንም አይነካም» አልኩ፣ ደስ እያለኝ። መልካም ዜና የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ነው የተናገርኩት የገባኝ።

ብዙም ሳይቆይ የውኃ መጠን የሚለኩ ሰዎች መጥተው በወንዙ ዳር ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ተከሉ። ማንም ችካሎቹን አልነቀለም። ሴቶቹ ግን ልብስ አሰጡባቸው። ለካዮቹ በየጠዋቱ ሲመጡ ቀሚስና አንሶላ እየገለጡ ነበር ቁጥሩን የሚያነቡት። ተቃውሞው እንዲህ ነው የጀመረው። ቀጥሎ በየቸርቹ ከስብከት በኋላ ይወራ ጀመር። ከወንዙ ዳር መንደሮች ሽማግሌዎች እየመጡ ወንዙ አጠገብ ባለው ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ገበያ ላይ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች «አንፈልግም» የሚለውን ቃል በአማርኛ ተማሩት፤ የደጋ ሰው ገዢ ሲመጣ ዓሣውን እያገላበጡ «ግድብ አንፈልግም» ይላሉ፣ እሱ ምንም ሳይጠይቃቸው።

ከእኛ ከደጋዎቹ ውስጥ ብዙው ሰው ነገሩን እንደ ግትርነት ነበር የሚያየው። እኔም በመምህራን ክፍል ውስጥ «ያልገባቸው ነገር አለ፣ ቢብራራላቸው ይቀበላሉ» ብዬ ተናግሬያለሁ። ይህን ስል ለእማማ አዝኜላቸው እንጂ ንቄያቸው አልነበረም። ልዩነቱ ብዙ አለመሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሕዝብ የሚወያይበት ስብሰባ ሊጠራ ነው ሲባል ሴቶቹ እማማ እንዲናገሩላቸው መረጧቸው። በዚያው ሳምንት ደጃፌን አንኳኩ።

«መምህር፣ አንተ ግድብ አይተሃል?»

«በሥዕል ነው ያየሁት።»

«እኔም አላየሁም። ያላየሁትን እንዴት እናገራለሁ? አቦቦ እንሂድ።»

አልዌሮ ግድብ አቦቦ አጠገብ ነው፤ ታናሽ እህታቸውም እዚያው ይኖራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። እማማ ለእህታቸው የደረቀ በቆሎ በፌስታል ይዘዋል። መንገዱን ሙሉ ስብሰባው ላይ የሚሉትን ይለማመዱ ነበር፤ «ግድብ መጥፎ ነው፣ ግድብ ወንዝ ይገድላል» እያሉ። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ የአቦቦ ገበሬ፣ ከደጋ መጥቶ እዚያ የሰፈረ ሰው፣ እየሰማ ፈገግ ይል ነበር።

እህታቸው ከእሳቸው ያጥራሉ፣ ወፍራምና ተጫዋች ናቸው። ወዲያው ወደ ግድቡ ወሰዱን። ውኃው ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል። ወፎች አሉ፣ ጀልባዎች አሉ። እህትየው ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየገዙ ይሸጣሉ። «ደህና ነው» አሉ ውኃውን በእጃቸው እያሳዩ፤ ከዚያ በኋላ በቋንቋቸው ለረጅም ጊዜ አወሩ። እማማ ሰሙ። ጠየቁ። ውኃው የሚለቀቅበትን በር ለማየት ፈለጉና ከሩቅ አየነው። ቆመው ብዙ አዩት። ምሳ የተጠበሰ ዓሣ በላን፣ ጥሩ ዓሣ ነበር።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ እማማ የሚለማመዱትን ንግግር አልደገሙትም። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ጠየቅኳቸው።

«እህትዎ ምን አሉ?»

«ደስ ብሎታል» አሉ። «ዓሣ አለ፤ ጥሩ ነው ይላል።» ቆየት ብለው ቀጠሉ፤ «ግድብ መጥፎ ነው ብል እዋሻለሁ። ለሴቶቹ ምን ልበል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያየውን እንዳላየ ሆኖ የተዘጋጀውን ንግግር ያደርግ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቅዳሜ እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ ያስቡ ነበር። እየጠረጉ ሳሉ መጥረጊያውን እንደያዙ ቆም ይላሉ። አንድ ጠዋት መጥተው «በር ቁልፍ አለው አይደል?» አሉኝ። «አለው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ውጭም ሰው ቆሟል። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ከተማው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ ይሰጡኛል። ሰብሳቢው አብሮኝ የሚያስቀድስ የደጋ ሰው ነው፤ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ድግሱ ላይ ነበርኩ። ጥናቱን ያቀረበው መሐንዲስ ወጣት ነበር፣ ትሑትና ላብ በላብ የሆነ። ገና ሥዕሉን በፕሮጀክተር ማሳየት ሲጀምር መብራት ጠፋ። «ይኸው፣ ግድቡ ለምን እንደሚያስፈልግ መብራት ኃይል ራሱ አስረዳልኝ» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ተቃዋሚዎቹም ሳቁ። ከዚያ በእጁ ሥዕሉን ይዞ አብራራ። ጎርፍ ይቀራል ሲል ከፊት ወንበሮች ጭብጨባ ተነሳ። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ። ከኋላ ማንም አላጨበጨበም።

ሁለት ሽማግሌዎች በቋንቋቸው ተናገሩ፣ አንድ ተርጓሚ ተረጎመላቸው። ረጅም ተናግረው ትርጉሙ አጭር ሆኖ ይመጣል። ከዚያ እማማ ተነሱ። ተርጓሚው ሲጠጋቸው በእጃቸው መለሱት።

«አንተ ታሳጥራለህ» አሉት። «እኔ በአማርኛ እናገራለሁ።»

ወደ መሐንዲሱ ዞሩ።

«አንተ ደህና ልጅ ነህ። ሥዕልህ ቆንጆ ነው። እኔ አቦቦ ሄጄ ግድብ አየሁ። እህቴ እዚያ ነው፤ ዓሣ ይሸጣል፤ ደስ ብሎታል። ግድብ መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ግድብ በር አለው፤ በሩን አየሁት። ባሮ ላይ በር ስትሠራ ቁልፉን ማን ይይዛል? ነሐሴ ላይ ውኃ ወደ እኛ እርሻ ይውጣ ብሎ የሚከፍት ማን ነው? ስሙን ንገረኝ።»

መሐንዲሱ ወረቀቱን አየ። «እናቴ፣ ይህ በዝርዝር ጥናቱ ላይ የሚታይ ነው» አለ።

«ጥናቱ መቼ ያልቃል?»

«ሥራው ከተጀመረ በኋላም ይቀጥላል።»

«ዛሬ ውኃ እኛ ጋ ሲመጣ ማንንም አልለምንም። ነገ ሰው ልለምን ነው። የምለምነውን ሰው ሳላውቅ አዎ አልልም። ጥናትህን ጨርስ፣ ና፣ እንነጋገር። አሁን እምቢ ነው።»

ከዚያ ሰብሳቢው ሳይፈቅድላቸው ወደ ሰዉ ዞሩና በቋንቋቸው አጭር ነገር ተናገሩ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። በመስኮት የሚያዩትም እጃቸውን በመስኮት አሳለፉ። ማንም አልጮኸም። ሰብሳቢው ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ «እናመሰግናለን» አለ፤ እጆቹ ግን አልወረዱም፣ ትንሽ ቆዩ። የእኔ እጅ ብዕር ይዞ ነበር።

ቃለ ጉባኤውን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በንጹሕ ገለበጥኩ። እማማ ግቢው ውስጥ ነበሩ። ስጨርስ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የእኔን አንብብልኝ» አሉ።

ፈልጌ አገኘሁትና አነበብኩ፦ «አንዲት እናት በግድቡ የውኃ አለቃቀቅ ዙሪያ ማብራሪያ ጠይቀው ከባለሙያ ምላሽ ተሰጥቷቸዋል። በአንዳንድ ተሳታፊዎች ዘንድ የግንዛቤ እጥረት መኖሩ ታይቷል።»

የሚቀጥለውን ጠበቁ። የሚቀጥል አልነበረም።

«ይሄ እናት ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምላሽ አገኘሁ?»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት።

«የግንዛቤ እጥረት ምንድን ነው?»

ይህን ቃል ለተማሪ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። «ነገሩን በደንብ አለማወቅ ማለት ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ያላወቀው ልጁ ነው» አሉ። «እኔ የማላውቀውን ጠየቅሁ። እሱ የማያውቀውን አልመለሰም። እጥረት የማን ነው?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ገልብጠው አዩት፤ ማንበብ የማይችሉትን ጽሑፍ መስመር በመስመር በጣታቸው ሄዱበት። «ቆንጆ ጽሑፍ ነው» ብለው መለሱልኝና ወደ በቆሏቸው ሄዱ።

ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ብዙ አስቤያለሁ። ውሸት ልጽፍ ብዬ አልተቀመጥኩም። ማንም እንዲህ ጻፍ አላለኝም። እጄ የለመደውን ነው የጻፈው። በየስብሰባው «ማብራሪያ ተሰጥቷል»፣ «የግንዛቤ እጥረት ታይቷል» ስል ኖሬያለሁ፤ ከነዚያ ቃላት በስተጀርባ የቆመ ሰው ተነስቶ አንብብልኝ ብሎኝ ስለማያውቅ ምን እያደረግሁ እንደነበር አላውቅም ነበር። ተርጓሚውን ያሳጥራል ብለው የመለሱት ሴት እኔን አምነው ነበር።

ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። በስብሰባው ላይ የያዝኩት ማስታወሻ ላይ የእማማ ቃል ከሞላ ጎደል ሙሉውን ነበር፣ እንደሚናገሩት። ስገለብጠው «እህቴ እዚያ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ላርመው ወይስ ልተወው? ተውኩት። «አንተ ደህና ልጅ ነህ» የሚለውንም ተውኩት። የመሐንዲሱንም መልስ እንዳለ ጻፍኩ፤ ስለ መብራቱ የቀለደውንም ጨምሬ፣ እሱም ያለውን ብሏልና። ስለ ተነሡት እጆችም፣ ስለ ፊት ወንበሮቹ ጭብጨባም ጻፍኩ።

ሰኞ ለሰብሳቢው አስረከብኩት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቃለ ጉባኤ ነው?»

«የተባለው ነው።»

«የተባለውማ እኔም ሰምቻለሁ። ‹አንተ ደህና ልጅ ነህ› ተብሎ ለበላይ አካል ይላካል?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

ደግሞ አነበበ። የአፉ ጫፍ ሊስቅ ሲል አየሁ፣ መልሶ ዋጠው። «ይህን ብልክ ስብሰባ መምራት አይችልም ይሉኛል» አለ፣ አሁን በቁም ነገር። «አንተም ሁለተኛ አትጠራም።»

«ይገባኛል። ግን ሰዎቹ ሳይነበብላቸው አንፈርምም ብለዋል። የቀድሞው ዓይነት ቢነበብላቸው ማንም አይፈርምም።»

እውነቴን ነበር። እማማ እሑድ በቸርቻቸው ለሴቶቹ ነግረው ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ለሁሉም። ሰብሳቢው መሀረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ ፈራ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ «ይነበብላቸው» አለ።

በማንጎው ዛፍ ሥር፣ ወንዙ በሚታይበት ቦታ ተሰበሰብን። ቆሜ አነበብኩ። አንዳንዱ አማርኛ በደንብ ይሰማል፣ ለማይሰማው ጎረቤቱ በጆሮው ይነግረዋል። የእማማ ቃል ላይ ስደርስ የማንበቢያ ድምፄን ትቼ እንደሳቸው አነበብኩት። «ስሙን ንገረኝ» የሚለው ላይ ከሴቶቹ መካከል አንዷ በጉሮሮዋ «እእ» አለች፣ ልክ ነው ለማለት። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነስተው የስታምፕ ቀለሙን ሳጥን ከሰብሳቢው እጅ ተቀበሉና አውራ ጣታቸውን ነከሩ። ሰዉ ተሰለፈ። ፊርማ የሚችል ፈረመ፣ የማይችል አሻራውን አሳረፈ። እማማ በላቲን ፊደል ስማቸውን ጻፉ፣ ቀስ ብለው፣ ምላሳቸውን ነክሰው። ከሳቸው በኋላ የቀረ ማን አለ ሲባል ሰብሳቢው አየኝ። እኔ የጸሐፊነቴን ቦታ ፈርሜ ነበር። ከእነሱ ፊርማ ሥር ግን ባዶ መስመር ነበረ፤ እዚያም ፈረምኩ።

ቃለ ጉባኤው ተላከ። ወራት ሄዱ፣ ምንም አልሰማንም። ለስብሰባ ጸሐፊነት ሁለተኛ አልተጠራሁም፤ ቅዳሜዬን መልሼ ስላገኘሁ ብዙ አልቆጨኝም። ሰብሳቢው ለጥቂት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታ ቀንሶብኝ ነበር፤ ፋሲካ ላይ ግን ቤቱ ጠራኝ።

በዓመቱ፣ ውኃው በሚመለስበት ሰሞን፣ ያ ወጣት መሐንዲስ ብቻውን መጣ። ፕሮጀክተር አልያዘም፤ ደብተር ነበር የያዘው። የእማማን ቤት አጠያይቆ አገኘው። ቃለ ጉባኤውን አለቆቹ እንዳነበቡት፣ አንዱ «ይህቺ ሴትዮ የጠየቀችውን ለምን አልጠየቅንም?» እንዳለ ነገረን። እማማ ይህን ሲሰሙ የተለየ ነገር ያደረጉ አልመሰላቸውም። «ቁጭ በል፣ ውኃ ጠጣ» አሉት።

ሦስት ቀን አብረው እርሻ ወረዱ። ውኃው የት ድረስ እንደሚወጣ፣ ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ቀድሞ ቢመጣ ምን እንደሚሆን እየጠየቀ ይጽፋል። በሁለተኛው ቀን ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቅልሎ ነበር። ልተርጉምላችሁ ብዬ ብቀርብ እማማ «አንተ ትምህርት ቤትህ ሂድ፣ እኛ ተግባብተናል» አሉኝ። እውነትም ተግባብተው ነበር፤ ሲመለሱ እሱም እሳቸውን «አንተ» እያለ በእሳቸው አማርኛ ማውራት ጀምሮ ነበር። ሲሄድ የተጠበሰ ዓሣ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ለካዮቹ መምጣት አቆሙ። ለምን እንደሆነ ማንም በይፋ የነገረን የለም። አንዳንዱ ገንዘብ ጠፋ ይላል፣ አንዳንዱ ጥናቱ እንደገና እየተሠራ ነው ይላል፣ ሴቶቹ ደግሞ ወረቀታችን ነው ይላሉ። መሐንዲሱ አልፎ አልፎ እየደወለ የእማማን ጤንነት ይጠይቀኛል፤ ስለ ግድቡ ስጠይቀው «ገና ነው» ይለኛል። እማማ አሸነፍን ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። «ጨርሶ ሲመጣ እንነጋገራለን ብያለሁ፤ ይምጣ» ነው የሚሉት። እኔም የግድብ ጠላት አልሆንኩም። መብራት ሲጠፋና ክፍሌ ሲግል አሁንም ያን ሸለቆ አስባለሁ። ግን ከዚያ ጋር የእማማ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ አንዱን ከሌላው መነጠል አቅቶኛል።

ያለፈው ክረምት ወንዙ ከወትሮው በላይ ሞላ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ውኃው ግቢያችን ውስጥ ነበር። መጻሕፍቴን ከወለሉ አንስቼ አልጋ ላይ ስከምር እማማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ፤ ቀድመው የእኔን ነገር ሊያወጡ ነበር የመጡት። ተበሳጭቼ ስለ ጎርፍ አንድ ክፉ ቃል ተናገርኩ። እሳቸው ግማሹን መጻሕፍት በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወጡ። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆነን ጥቂት ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አደርን። የግቢያችን አጥር ወደቀ፣ አንድ ሣጥን ወረቀት ተበላሸብኝ። እማማ ስለ አጥሩ አዘኑ። ስለ እርሻው ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስታቸውን ከእኔ ሊደብቁ ሲሞክሩ አየሁና ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

ጥቅምት ላይ ውኃው ሲመለስ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ዘንድሮ አልወርድም ብለው ነበር፤ ሁለት ቀን ጠብቄ ሹሉን እንጨት ይዤ «እንሂድ» አልኳቸው። ጥላ ሥር ተቀምጠው እየመሩኝ ዘራሁ። «አትወጋው፣ ንካው» ይሉኛል፤ «አራርቅ፣ በቆሎ አየር ይፈልጋል» ይሉኛል። ወገቤ ተቆረጠ። ስጨርስ ተነስተው በከዘራቸው እየተደገፉ ሁሉንም ተዟዙረው አዩት።

«ጠማማ ነው» አሉ።

«ይበቅላል?»

ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ቆንጥረው ጨመቁት፣ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ።

«ይበቅላል» አሉና ክንዴን ያዙ፤ አብረን ወደ መንገዱ ወጣን።